«ጥ» ለምን የየን ምልክት ሆነች? አማርኛን ከዩአርኤል ስለመፍታት

ጥያቄው፦ «የሀገር ልብስ የምንሸጥበት ድረ ገጽ እየሠራሁ ነው። ብራውዘሩ ላይ ጃቫስክሪፕት፣ ሰርቨሩ ላይ ፒኤችፒ ነው የምጠቀመው። ደንበኛ በፍለጋ ሳጥኑ ‹ጥበብ ቀሚስ› ብሎ ሲጽፍ ዩአርኤሉ (የገጹ አድራሻ) በፐርሰንት ምልክትና በቁጥር ይሞላል። ያንን በ‹አንእስኬፕ› ፈትቼ ገጹ ላይ ሳወጣው አማርኛው ጠፍቶ ጭረት የተጫነባት የላቲን ‹ኤ› እና የጃፓን ገንዘብ የየን ምልክት (¥) ይመጣሉ። በ‹ዲኮድ ዩአርአይ ኮምፖነንት› ቀየርኩት፤ ለጥንቃቄ ሁለት ጊዜ አስገባሁት፣ ሰርቨሩ ላይም ‹ዩአርኤል ዲኮድ› ጨመርኩ። ብዙው ተስተካከለ፤ አሁን ግን ‹100% ጥጥ› ሲፈለግ ገጹ ይቆማል፣ ትእዛዝ በስልክ ቁጥር ሲፈለግም አይገኝም። ዩኒኮድ አማርኛን በደንብ ስለማይደግፍ ይሆን? ሊንኮቹን ሁሉ በላቲን ፊደል ብጽፋቸው አይሻልም?»

ዩኒኮድ፣ ማለትም ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደንብ፣ እዚህ ውስጥ ምንም ጥፋት የለበትም። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ ቦታውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው እትም 3.0 ሲሆን፣ እርስዎ የሚጠቀሙባቸው ብራውዘርና ሰርቨር ሁለቱም ያለ ችግር ያስተናግዱታል። የገጠመዎት አንድ ችግር ሳይሆን ተደራርበው የመጡ ሦስት የተለያዩ ስህተቶች ናቸው፤ ሁለተኛው ደግሞ የተፈጠረው የመጀመሪያውን ለማስተካከል በተደረገው ሙከራ ነው። ስለዚህ ተጨማሪ ጥገና ከመጨመር በፊት እያንዳንዱ ከየት እንደመጣ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ዩአርኤል በሽቦ ላይ ሲጓዝ ሊይዝ የሚችለው የእንግሊዝኛ ፊደላትን፣ ቁጥሮችንና የተወሰኑ ምልክቶችን ብቻ ነው። ከዚያ ውጪ ያለ ፊደል በሁለት ደረጃ ይለወጣል። በመጀመሪያ ፊደሉ በዩቲኤፍ-8 ሥርዓት ወደ ባይቶች ይቀየራል፤ ቀጥሎ እያንዳንዱ ባይት በፐርሰንት ምልክትና በሁለት የሄክሳዴሲማል አሃዞች ይጻፋል። «ጥ»ን እንውሰድ። በዩኒኮድ ያላት ቁጥር 4901 ነው፤ በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ትሆናለች፣ እነሱም 225፣ 140 እና 165 ናቸው፤ በዩአርኤሉ ላይ ደግሞ %ኢ1%8ሲ%ኤ5 ተብላ ትጻፋለች (ፊደላቱን በላቲን አድርገው ያንብቧቸው)። አንዷ ፊደል ዘጠኝ ቦታ ያዘች ማለት ነው። «ጥበብ ቀሚስ» ስድስት ፊደል ስለሆነ ክፍተቱን ሳንቆጥር 54 ቦታ ይፈጃል። ዩአርኤልዎ በፐርሰንትና በቁጥር መሞላቱ እንግዲህ ብልሽት አይደለም፤ መሆን ያለበት እንደዚያ ነው። ብራውዘሮች በአድራሻ መስመራቸው ላይ መልሰው በአማርኛ የሚያሳዩት ለዓይን እንዲመች ብለው ነው፤ ሊንኩን ኮፒ ሲያደርጉት እውነተኛው መልክ ይወጣል።

አሁን ወደ የን ምልክቱ እንምጣ። «አንእስኬፕ» የተባለው የጃቫስክሪፕት ተግባር የተጻፈው ከዚህ ሥርዓት በፊት በመሆኑ፣ ባይቶች ተሰባስበው አንድ ፊደል እንደሚሠሩ አያውቅም። እያንዳንዱን የፐርሰንት ጥንድ ራሱን የቻለ ፊደል አድርጎ ይቆጥረዋል። በመሆኑም 225 ሲያገኝ በዩኒኮድ 225ኛውን ቦታ የያዘችውን ጭረት ያለባትን የላቲን «ኤ» ያወጣል፤ 140 ደግሞ የማይታይ የመቆጣጠሪያ ምልክት ነው፤ 165 የየን ምልክት ነው። የእኛ ፊደላት ዋናው ክፍል በሙሉ የሚጀምረው በ225 ስለሆነ በየፊደሉ መጀመሪያ ያቺን «ኤ» ያዩአታል። የየን ምልክቱ የሚመጣው ግን የመጨረሻ ባይታቸው 165 በሆኑት ላይ ብቻ ነው፤ ከእነሱም መካከል «ጥ»፣ «ብ»፣ «እ» እና «ሥ» ይገኛሉ። «ጥበብ» በሚለው ቃል ሁለት የን የሚያዩት «ጥ» እና «ብ» ስላሉበት ነው። ይህን የምዘረዝረው ለጨዋታ አይደለም። ገጽዎ ላይ ያንን «ኤ» እና የን ካዩ መረጃው አልጠፋም፣ ባይቶቹ በቦታቸው አሉ፣ የተሳሳተው አነባበቡ ብቻ ነው ማለት ነው። የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ካዩ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያ ፊደሉን መያዝ በማይችል የዳታቤዝ ሠንጠረዥ ወይም ግንኙነት ውስጥ አልፎ የጠፋ ጽሑፍ ነው፣ ከዚያው ከዳታቤዙ ተመልሶ አይገኝም። ባዶ ሳጥን ካዩ ደግሞ ችግሩ የፎንት ነው፤ ኮዱን አይንኩት።

የ«አንእስኬፕ» ጥንድ የሆነው «እስኬፕ»ም ከዚህ የባሰ ነገር ይሠራል። «ጥ»ን ሲያገኝ ወደ ባይት ሳይለውጣት %ዩ1325 የሚል፣ በየትኛውም የዩአርኤል ደንብ ውስጥ የሌለ ቅርጽ ይፈጥራል። ፒኤችፒ ይህን ስለማያውቀው እንዳለ ይተወዋል፣ ፍለጋው ምንም ሳያገኝ ይመለሳል። ሁለቱም ተግባራት በጃቫስክሪፕት ውስጥ እስከ ዛሬ የቆዩት አሮጌ ገጾች እንዳይሰበሩ ሲባል ነው እንጂ አዲስ ኮድ እንዲጽፍባቸው ማንም አይመክርም። ምትካቸው የሆኑት «ኢንኮድ ዩአርአይ ኮምፖነንት» እና «ዲኮድ ዩአርአይ ኮምፖነንት» እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ ወደ ቋንቋው ደንብ ገብተዋል። በዚህ ዓመት የተጻፉ የማስተማሪያ ጽሑፎች ላይ «አንእስኬፕ»ን ሳገኘው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያበሳጨኛል።

ሁለተኛው ስህተት፣ ማለትም ሁለት ጊዜ መፍታት፣ ከመጀመሪያው ይልቅ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራ ይመስላል። ንጹህ የአማርኛ ጽሑፍ አንዴ ከተፈታ በኋላ የፐርሰንት ምልክት ስለማይቀርበት ሁለተኛው ዙር የሚነካው ነገር አያገኝም። ጉዱ የሚወጣው ደንበኛው ራሱ የፐርሰንት ምልክት የጻፈ ዕለት ነው። «100% ጥጥ» የሚለው ፍለጋ በትክክል ሲጓዝ የፐርሰንት ምልክቱ ራሱ %25 ይሆናል። ብራውዘሩ ላይ «ዩአርኤል ሰርች ፓራምስ» የተባለውን የጃቫስክሪፕት መሣሪያ ተጠቅመው እሴቱን ካወጡ ተፈትቶ «100% ጥጥ» ሆኖ ይደርስዎታል፤ ሥራው እዚህ ላይ አልቋል። በላዩ ላይ «ዲኮድ ዩአርአይ ኮምፖነንት»ን ሲጠሩበት ተግባሩ የፐርሰንት ምልክቱን ያይና ቀጥሎ ሁለት የሄክሳዴሲማል አሃዝ ይጠብቃል፤ የሚያገኘው ግን ክፍተትና «ጥ» ነው፣ ስለዚህ የዩአርአይ ስህተት ብሎ ይወረውራል፣ ያንን የሚቀበል ኮድ ስላላስቀመጡ ገጹ ይቆማል።

ሰርቨሩ ላይ ያደረጉት ተመሳሳይ ስህተት ሲሆን ምልክቱ ግን ሌላ ነው። ፒኤችፒ ከዩአርኤሉ አውጥቶ በ«ጌት» ድርድር ውስጥ የሚያስቀምጥልዎትን እሴት አስቀድሞ ፈትቶታል። በዚያ ላይ «ዩአርኤል ዲኮድ» ሲጨምሩ ፒኤችፒ እንደ ጃቫስክሪፕት አይጮህም፤ ሊፈታው ያልቻለውን ዝም ብሎ ያልፈዋል። የመደመር ምልክትን ግን ወደ ክፍተት ይለውጣል። ደንበኛው በ+251 የሚጀምር ስልክ ቁጥሩን ሲያስገባ ብራውዘሩ የመደመር ምልክቱን ወደ %2ቢ ለውጦ ይልካል፣ ፒኤችፒ መልሶ + ያደርገዋል፣ የእርስዎ ተጨማሪ መስመር ደግሞ ክፍተት ያደርገዋል። ዳታቤዙ ውስጥ ያለው ቁጥር በ+ ስለሚጀምር ሁለቱ አይገናኙም። ትእዛዝ በስልክ ቁጥር የማይገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከአማርኛ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

የመደመር ምልክቱ ጉዳይ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ። ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ባለው የዩአርኤል ክፍል ውስጥ የኤችቲኤምኤል ፎርም ክፍተትን በ+ ይተካል፤ ከጥያቄ ምልክቱ በፊት ባለው የመንገድ ክፍል ግን + ማለት + ብቻ ነው፣ ክፍተት %20 ይሆናል። «ዲኮድ ዩአርአይ ኮምፖነንት» +ን በጭራሽ አይነካም፤ «ዩአርኤል ሰርች ፓራምስ» ወደ ክፍተት ይለውጠዋል። በፒኤችፒ «ዩአርኤል ዲኮድ» ይለውጣል፣ «ሮው ዩአርኤል ዲኮድ» አይለውጥም። በፓይተንም «አንኮት» እና «አንኮት ፕላስ» በዚሁ ይለያያሉ። ስለዚህ ከፎርም የመጣን «ጥበብ+ቀሚስ» በተሳሳተው ተግባር ከፈቱት በሁለቱ ቃላት መካከል የመደመር ምልክት ተሰንቅሮ ያገኙታል።

ምን ተፈትቶ እንደሚደርስዎትና ምን ጥሬውን እንደሚመጣ በግምት አይወስኑ። በፒኤችፒ የ«ጌት» እሴቶች ተፈትተው ይመጣሉ፣ «ሪኩዌስት ዩአርአይ» እና «ኩዌሪ ስትሪንግ» ግን ጥሬ ናቸው። በጃንጎ የ«ጌት» እሴቶች ተፈትተዋል። በጃቫ ሰርቭሌት «ጌት ፓራሜተር» የተፈታውን፣ «ጌት ሪኩዌስት ዩአርአይ» ጥሬውን ይሰጣል። በኖድ የጥያቄው «ዩአርኤል» ጥሬ ነው፣ ኤክስፕረስ የመንገድ ፓራሜተሮችን ግን ፈትቶ ያቀርባል። ባለአሮጌ የጃቫ ሰርቨር ከሆኑ አንድ ተጨማሪ ነገር ይመርምሩ፦ ቶምካት እስከ እትም 7 ድረስ ዩአርኤልን የሚያነበው፣ ካልተነገረው በስተቀር፣ እያንዳንዱን ባይት አንድ ፊደል አድርጎ በሚቆጥረው አሮጌ ሥርዓት በላቲን-1 ነበር፤ ከ8 ጀምሮ ነው ነባሪው ዩቲኤፍ-8 የሆነው። በእንዲህ ያለ ሰርቨር ላይ «አንእስኬፕ»ን ሳይነኩት እንኳ ያችው «ኤ» እና ያው የን ይመጡብዎታል።

ሁለት ጊዜ መፍታትን ከውበት ጉድለት አልፌ የደኅንነት ጉዳይ የማደርገው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2001 የተሰራጨው ኒምዳ የተባለው የኮምፒውተር ትል የማይክሮሶፍትን የድር ሰርቨር ከሰበረባቸው ቀዳዳዎች ሁለቱ እኛ የምንነጋገርበት ዓይነት ነበሩ። አንደኛው ሰርቨሩ የፋይሉን መንገድ ካጣራ በኋላ እንደገና መፍታቱ ነበር፤ ሁለተኛው ደግሞ ለመንገድ መለያው ሰረዝ (/) የተሰጠውን 47 የሚል አንድ ባይት፣ ያለ አግባብ ወደ ሁለት ባይት ተለጥጦ 192 እና 175 ሆኖ ሲመጣ መቀበሉ ነበር። ማጣሪያው ሰረዙን አላየውም፣ ከማጣሪያው በኋላ የመጣው ፈቺ ግን ሰረዝ አድርጎ አነበበው። የዛሬው የዩቲኤፍ-8 ደንብ እንዲህ ዓይነቱን የተለጠጠ አጻጻፍ ይከለክላል። ትምህርቱ ለእርስዎ ኮድ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ይፍቱ፣ ከዚያ ያጣሩ፣ ካጣሩ በኋላ ዳግመኛ አይፍቱ። የራስዎን ፈቺ በእጅ ለመጻፍም አይሞክሩ።

ሦስተኛው ስህተት በጥያቄዎ ውስጥ አልተገለጸም፣ ነገር ግን መኖሩ አይቀርም፤ እሱም ከመፍታት በፊት በሚደረገው ማሸግ ላይ፣ ማለትም ፊደልን ወደ ፐርሰንት መልክ በመለወጡ ላይ ያለ ነው። ሰዎች ሙሉውን ዩአርኤል ገጣጥመው በመጨረሻ በ«ኢንኮድ ዩአርአይ» ያልፉበታል። ይህ ተግባር የዩአርኤልን መዋቅር የሚይዙ ምልክቶችን ሆን ብሎ አይነካም። ደንበኛው «ጋቢ & ነጠላ» ብሎ ከፈለገ የ& ምልክቱ ሳይለወጥ ይቀራል፣ ሰርቨሩም ፍለጋው «ጋቢ» ብቻ እንደሆነ፣ «ነጠላ» ደግሞ ስሙ የማይታወቅ ሌላ ፓራሜተር እንደሆነ አድርጎ ይረዳዋል። እያንዳንዱን እሴት ለየብቻው በ«ኢንኮድ ዩአርአይ ኮምፖነንት» ማሸግ፣ ወይም የተሻለው፣ ገጣጠማውን ሙሉ በሙሉ ለ«ዩአርኤል ሰርች ፓራምስ» መተው ያስፈልጋል። ከዚሁ ጋር የኤችቲኤምኤል ገጽዎ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን በራስጌው ላይ ያውጁ። ገጹ ላቲን ነኝ ካለ ብራውዘሩ ከፎርም የሚልከውን «ጥ» በዚያ ሥርዓት ሊጽፋት ስለማይችል ጥ የሚል ጽሑፍ አድርጎ ይልካታል፤ ሎግዎ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ካዩ ፈቺውን ሳይሆን የገጹን ራስጌ ይመልከቱ።

የታሸገን ጽሑፍ በመቀስ መቁረጥም እንዲሁ ያስቸግራል። አንድ ፊደል ዘጠኝ ቦታ ስለሚይዝ ዩአርኤሉን በተወሰነ ርዝመት ላይ ከቆረጡት መቀሱ ፊደል መሐል የማረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። በተቆረጠው ላይ የጃቫስክሪፕቱ «ዲኮድ ዩአርአይ ኮምፖነንት» ስህተት ብሎ ይወረውራል፤ ፓይተን ምትክ ምልክት ያስቀምጥለታል፤ ፒኤችፒ የተሰበሩትን ባይቶች ዝም ብሎ ያሳልፋቸዋል፣ በኋላ ግን «ጄሰን ኢንኮድ» ሐሰት ይመልሳል፣ ከ8.1 በፊት ባሉት እትሞች ደግሞ «ኤችቲኤምኤል ስፔሻል ቻርስ» ባዶ ጽሑፍ ይመልሳል። ባዶ ገጽ የሚያይ ሰው መንስኤው ከሦስት ተግባር በፊት የተደረገ መቁረጥ መሆኑን በምን ያውቃል? መቁረጥ ካለብዎ ከማሸግ በፊት፣ በፒኤችፒ «ኤምቢ ሰብስትር»ን በመሳሰለ ፊደል ቆጣሪ ተግባር ይቁረጡ። ዎርድፕረስን የሚጠቀም ሰው ካለ ደግሞ ይህንን ይወቅ፦ የጽሑፉ የሊንክ ስም የሚቀመጠው ታሽጎ ሲሆን ቦታው 200 ስለሆነ ከ22 የአማርኛ ፊደል በላይ አይዝም፤ ረጅም የአማርኛ ርዕሶች ሊንካቸው መሐል ላይ የሚቋረጠው ለዚህ ነው።

ሊንኮቹን በላቲን ልጻፋቸው ወይ ለሚለው፣ አልመክርም። መጀመሪያ ነገር የፍለጋ ቃል በደንበኛው እጅ የሚጻፍ ስለሆነ ከአማርኛ ማምለጥ አይችሉም፤ ፈቺው ትክክል መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ አማርኛን ያለ ተጨማሪ ምልክት በላቲን ሲጽፉት ፊደላት ይጋጫሉ፤ «መጣ» እና «መታ» አንድ ይሆናሉ፣ «ቀ»ን አንዱ ሠራተኛ በአንድ ፊደል፣ ሌላው በሌላ ይጽፋታል። ለዕቃ ገጾች የተሻለው መንገድ ሊንኩ ውስጥ የዕቃውን ቁጥር ማስገባትና የአማርኛ ስሙን ከጎኑ ለንባብ ብቻ ማስከተል ነው። ሰርቨሩ ዕቃውን የሚፈልገው በቁጥሩ ይሁን፤ ስሙ ቢቆረጥም፣ ቢበላሽም፣ ነገ ቢቀየርም ሊንኩ ይሠራል። ሊንኩ በኤስኤምኤስ ወይም በወረቀት የሚሰራጭ ከሆነ ቁጥሩን ብቻ የያዘውን አጭር ቅርጽ ይስጡ።

አንድ ገደብ ግን አለ፤ መፍታት የአጻጻፍን ልዩነት አያስተካክልም። አንዱ ደንበኛ «የሠርግ ልብስ»፣ ሌላው «የሰርግ ልብስ» ብሎ ይፈልጋል፤ ሁለቱም በትክክል ይፈታሉ፣ ግን የተለያዩ ባይቶች ናቸው። «ዩኒኮድ ኖርማላይዜሽን አድርግበት» የሚል ምክር ቢሰሙ እዚህ ላይ አይሠራም፤ ያ ሥርዓት በፊደሎቻችን ላይ የሚለውጠው ነገር የለም፣ «ሠ» እና «ሰ»ም ለእሱ ሁለት የማይገናኙ ፊደላት ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሠ እና ሰን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ወደ አንድ የሚያመጣ አነስተኛ ሠንጠረዥ ራስዎ ይጻፉና በፍለጋው ቃልና በፍለጋ ማውጫው ላይ ብቻ ይጠቀሙበት፤ በዩአርኤሉም ሆነ ለዕይታ በሚቀመጠው ስም ላይ አይጠቀሙበት።

እንግዲህ የምመክረው ይህንን ነው። በኮዱ ሁሉ ውስጥ «እስኬፕ» እና «አንእስኬፕ» የሚሉትን ፈልገው ያውጧቸው። ብራውዘሩ ላይ ለማሸግም ለመፍታትም «ዩአርኤል ሰርች ፓራምስ»ን ብቻ ይጠቀሙ፤ ከእሱ የወጣ እሴት ላይ ሌላ ፈቺ አይጥሩ። ፒኤችፒው ላይ በ«ጌት» እሴቶች ላይ የጨመሩትን «ዩአርኤል ዲኮድ» ይሰርዙ፣ በምትኩ እሴቱ ትክክለኛ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን በ«ኤምቢ ቼክ ኢንኮዲንግ» ይፈትሹና ካልሆነ ጥያቄውን «የተሳሳተ ጥያቄ» በሚለው የስህተት ቁጥር 400 ይመልሱ፤ ለመጠገን አይሞክሩ። ሠንጠረዦቹንና የዳታቤዝ ግንኙነቱን በማይኤስኪውኤል ሙሉው ዩቲኤፍ-8 ወደሆነው ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ያድርጉ። ከዚያ «100% ጥጥ & ነጠላ +251» የሚለውን አንድ መስመር በፍለጋ ሳጥኑ ያስገቡ፤ ገጹ ላይም ሆነ ሎጉ ላይ አንድ ምልክት ሳይጎድል ከወጣ ሰንሰለቱ ጤነኛ ነው።

እስካሁን ተበላሽተው የተቀመጡ መዝገቦችን በተመለከተ፣ «ኤ» እና የን የያዙት ሊመለሱ ይችላሉ፦ ጽሑፉን ወደ ላቲን-1 ባይቶች ለውጠው እነዚያኑ ባይቶች በዩቲኤፍ-8 እንደገና ማንበብ ነው። ይህ የሚሠራው ግን ከ255 በላይ ቁጥር ያለው አንድም ፊደል በሌለባቸው መዝገቦች ላይ ብቻ ነው። ትክክለኛ አማርኛና የተበላሸው በተቀላቀሉበት መዝገብ ላይ ካስኬዱት ጤነኛው አማርኛ ወደ ጥያቄ ምልክትነት ይለወጣል፣ እሱ ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ በመጀመሪያ የዳታቤዙን ቅጂ ያውጡ፣ ከ255 በላይ ቁጥር ያለው አንድም ፊደል የሌለባቸውንና ያቺ ጭረታም «ኤ» ያለችባቸውን ብቻ ለይተው ይምረጡ፣ ቅጂው ላይ ያስኬዱት፣ ውጤቱን በዓይንዎ ካነበቡ በኋላ ወደ ዋናው ይሂዱ።